ክንዱ አግድም ሳለ

እፀገነት የሦስተኛውን ምልክት ክንድ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ለቀቀችው። ክንዱ ተንቀጠቀጠ፤ እስከ ግማሽ ወረደና እዚያው ቀጥ አለ።

«እንደገና» አሏት ጋሽ አራጌ ከጀርባዋ።

«ስድስት ጊዜ ሞከርኩት እኮ።»

«ሰባተኛውን ሞክሪያ። ግማሽ የሚባል ምልክት የለም። ወይ አግድም ሆኖ ቁም ነው፣ ወይ ወርዶ እለፍ ነው።»

ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም የግንቦት ፀሐይ የአዳራሹን ቆርቆሮ ማጋል ጀምራለች። እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተብሏል። እፀገነት ላቧን በእጅጌዋ ጠረገችና ካቻቢቴዋን ይዛ ተመልሳ ከጠረጴዛው ሥር ገባች።

ከፍኖተ ሰላም ተመድባ ቆቦ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ታሠለጥናለች፤ የምትኖረው ጋሽ አራጌ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። እሳቸው የቆቦ ሰው ይሁኑ እንጂ ገና በጎረምሳነታቸው ወደ ምሥራቅ ወርደው፣ በትንንሽ የባቡር ጣቢያዎች ምልክት ጠባቂ ሆነው አርጅተው፣ በጡረታ የተመለሱ ናቸው። ባለፈው ዓመት ለሠልጣኞቿ የሚሆን የተግባር ሥራ አጥታ ስትብሰለሰል ያዩዋት እሳቸው ነበሩ። በጭራሮ መሬት ላይ አንድ ምሰሶ ከነክንዱ ሣሉላትና፣ «ይቺ ሴማፎር ትባላለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሽቦ ስጎትታት ኖርኩ። አንቺ በኤሌክትሪክ ታንቀሳቅሻታለሽ?» አሏት። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

አሁን አዳራሹ መሐል አራት ሜትር ርዝመት ያለው ችፑድ ላይ ትንሽዬ ሐዲድ ተዘርግቷል። ቆቦ ውስጥ የባቡር ፉጨት ተሰምቶ ባያውቅም እዚህ ሰሌዳ ላይ ግን ከአንዱ ጫፍ ቆቦ፣ ከሌላው ጫፍ ጎብዬ፣ መሐሉ ላይ ሮቢት የሚባሉ ጣቢያዎች አሉ። ሐዲዱ አንድ ብቻ ነው፤ ባቡሮቹ ግን ሁለት ናቸው፤ ቀይና ሰማያዊ። የሚተላለፉት ሐዲዱ ለአጭር ርቀት ለሁለት በሚከፈልበት ሮቢት ላይ ነው። ከጎብዬ የሚመጣው ሰማያዊው ባቡር ሮቢት ገብቶ፣ ቀዩ ከቆቦ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። የሚያስጠብቀው ደግሞ ይህ አስቸጋሪው ሦስተኛ ምልክት ነው።

ክንዱ የተቆረጠው ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው፤ ምሰሶው የጃንጥላ ሽቦ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ከሥር የተገጠመ አውራ ጣት የምታክል ሞተር ናት። ለሞተሯ ትእዛዝ የሚሰጣት እፀገነት ፕሮግራም የጻፈችበት መቆጣጠሪያ ነው። ክንዱ አግድም ሲሆን ከሥሩ ያለች ማጥፊያ ከፊት ለፊቱ ያለውን አንድ ስንዝር ሐዲድ ኃይል ታሳጣዋለች። ስለዚህ ባቡሩ ቢፈልግም ማለፍ አይችልም። ይህን ያስጨመሯት ጋሽ አራጌ ናቸው። «ክንዱ ለጌጥ ከሆነ እኔ የለሁበትም» ብለዋት ነበር።

ሰባተኛውን ሞከረች። ክንዱ ግማሽ ላይ ቆመ።

በሩ ላይ የቢኒያም ረጅም ጥላ ታየ። የክፍሉ ኃላፊ ነው። ሠልጣኝ ስላነሰው ክፍሉ ይዘጋ ይሆናል የሚል ወሬ ከተናፈሰ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል፤ ይዘጋ አይዘጋ የሚለውን ሐሳብ የሚያቀርቡት ደግሞ ዛሬ የሚመጡት እንግዶች ናቸው።

«አሁንም ቆሟል?» አለ፣ ሰማያዊውን ባቡር እያየ።

«ክንዱ ስለማይወርድ ነው። ሞተሩ ጉልበት አጥቷል።»

«እፀ፣ ሰዎቹ ሃያ ደቂቃ ነው ያላቸው። የቆመ ባቡር ሊያዩ አልመጡም። ለዛሬ ብቻ ያቺን ማጥፊያ በሽቦ እንለፋት። ክንዱ በራሱ ይወዛወዝ፣ ባቡሩም በራሱ ይሂድ፤ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ አራጌ።

  እፀገነት ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። «ስጠኝ አንድ ሰዓት። ካልሆነልኝ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ይሄኛው አይሠራም ብዬ።»

«አይሠራም ብለሽ? እነሱስ ምን ብለው ይጽፋሉ?» ብሎ ወጣ።

በዚያው ቅጽበት አንዱ ሠልጣኝ የጣሪያውን ቬንትሌተሮች አጠፋቸው፤ ወንበር ሲደረድሩ አቧራው አስቸግሯቸው ነበር። ክንዱ ማንም ሳይነካው ፍጥን ብሎ ወረደ። እፀገነት ዞር አለች። «አብራው!» አለችው። ሲያበራው ክንዱ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

ገባት። ቬንትሌተሮቹና ሞተሮቹ አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ቬንትሌተሮቹ ኃይሉን እየጠጡት ነው። በዚህ ሙቀት ደግሞ መቶ ሰው ያለ ቬንትሌተር ማስቀመጥ አይታሰብም። ለምልክቶቹ የራሳቸው ባትሪ ያስፈልጋቸዋል።

«ጋሽ አራጌ፣ ማንም እንዳይነካው ይጠብቁልኝ» ብላ ወጣች፣ እየሮጠች።

በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ባለባጃጁ ከበደ መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ሳቀ። ባትሪውን ፈትተህ ስጠኝ ትለዋለች! ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። መፍታቱ ግን እንደ ወሬው አልቀለለም፤ አንደኛው ብሎን ዝጎ እምቢ አለ። ከበደ በፒንሳ ሲታገል፣ እሷ ስልኳን ደጋግማ እያየች ጥፍሯን ትነክሳለች። ሦስት ሰዓት ተኩል። ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት። ብሎኑ ሲላቀቅ ባትሪውን አቅፋ ስትመለስ፣ የእንግዶቹ ሁለት መኪኖች ከአስፓልቱ ታጥፈው ወደ ግቢው ሲገቡ አየች። አሥር ደቂቃ ቀድመዋል።

አዳራሹ በሠልጣኝና በወላጅ ጢም ብሏል። ጋሽ አራጌ ከሰሌዳው አጠገብ የሉም፤ ከፊት ወንበር አስይዘው አስቀምጠዋቸዋል። እፀገነት አጎንብሳ የባትሪውን ሽቦ አሰረች፤ ከመቸኮሏ የተነሣ አንዱን ሁለት ጊዜ ሳተችው። ሦስተኛው ክንድ ቀጥ ብሎ ተነሣ፣ ጠብ ብሎ ወረደ፣ ጫፉ ላይም አንዴ ነጠር አለ፤ ልክ ጋሽ አራጌ እውነተኛው ይነጥራል እንዳሏት። ከሩቅ ዓይናቸውን ፈለገች። አውራ ጣታቸውን አነሡላት።

ቢኒያም እንግዶቹን እያስገባ ነው። ሊናገራት የፈለገው ነገር ያለ ይመስል አንዴ ወደ እሷ እርምጃ ጀምሮ ነበር፤ ግን የቡድኑ መሪ ወይዘሮ አስካለ አንድ ነገር ጠየቁትና ወደ እሳቸው ዞረ።

እፀገነት በአጭሩ አስረዳችና ማስጀመሪያውን ተጫነች።

ሰማያዊው ከጎብዬ ተነሣ። ቀዩ ከቆቦ ተነሣ። ከሰዉ መሐል ደስ የሚል ማጉረምረም ተሰማ። የመጀመሪያው ክንድ ወረደ፤ ሰማያዊው አለፈ፤ ክንዱ ከኋላው ተነሣ። ሁለተኛው እንዲሁ። ሰማያዊው ሮቢት ገባ። ሦስተኛው ክንድ አግድም ነው፤ ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ ምንም የማይንቀጠቀጥ። አሁን ይቆማል ብላ ወደ እንግዶቹ ዞረች፤ «እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ማንም ሳያዝዘው...»

ባቡሩ አልቆመም።

ዓይኗን አላመነችም። ሰማያዊው ባቡር ከቀዩ ክንድ ሥር፣ እንዳላየ ሆኖ፣ ሹልክ ብሎ አለፈ። ከፊቱ ቀዩ በዚያው ሐዲድ ላይ እየመጣ ነው። የዋናው ኃይል ማጥፊያ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ነው። እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም።

«ቁም! ቁም! ቁ-ም!»

የጮሁት ጋሽ አራጌ ነበሩ። ድምፁ ከሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ የሚወጣ አይመስልም። ወንበራቸው ወደ ኋላ ተገልብጦ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ የጥይት ያህል ጮኸ።

ቆቦ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ያለ ድምፅ ቀልድ አይደለም። ያለፉት የጦርነት ዓመታት ነገር በሁሉም ሰው ገላ ውስጥ አለ። ምን ተፈጠረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከኋላ የነበሩት ተነሡ፤ መሐል የነበሩት እነሱን አይተው ተነሡ፤ አንዲት ሴት የልጇን ስም ጠራች፤ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ወደ በሩ ሆነ።

የአዳራሹ በር ባለ ሁለት መዝጊያ ብረት ነው። ዛሬ የተከፈተው አንዱ ብቻ ነው። ሌላኛው ከላይም ከታችም ተቀርቅሯል። ሰዉ በግማሹ በር ለመውጣት ሲታገል ታፈነ። ወንበር እግር ሥር ተሰበረ። አንድ ሰው «ልጅቷ ወድቃለች! ልጅቷ!» እያለ ይጮኻል፤ የሚሰማው ግን የለም።

እፀገነት በግድግዳው ጥግ ተንሸራታ ተቀርቅሮ ወደቀረው መዝጊያ ደረሰች። ማጎንበስ አልቻለችም፤ ስለዚህ በጉልበቷ ወደቀች። የአንድ ሰው ጫማ ጣቷን ረገጠው። የታችኛውን መወርወሪያ ጨበጠችና ሳበችው፤ አቧራ ነክሶታል። ሁለተኛ ስትስብ ተላቀቀ። መዝጊያው ግን አልተነቃነቀም፤ የላይኛው አለ። ቀና ስትል ከአናቷ በላይ አንድ ረጅም ክንድ ሲዘረጋ አየች። ቢኒያም ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። መወርወሪያውን በቡጢው መትቶ አወረደው፤ ሁለቱም በትከሻቸው ገፉ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ሰዉም እንደ ውኃ ፈሰሰ።

ውጪ ምንም አልነበረም። ባትሪ ያጣች ባጃጅ፣ ጥላ ሥር የተኙ ሁለት ፍየሎች፣ ምን ሆናችሁ የሚል የጥበቃ ሠራተኛ። ሰዉ ግቢው ውስጥ ተበትኖ፣ እርስ በርስ እየተያየ ያለከልካል። የወደቀችው ማናለብሽ የምትባል የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ ናት። የግራ እጇን አንጓ አቅፋ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም፤ ከንፈሯ ግን ነጥቷል። ከበደ ሌላ ባጃጅ አስቁሞ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ላካት።

እፀገነት ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ጋሽ አራጌ ብቻቸውን ሰሌዳው ላይ ተደፍተዋል። ሁለት መዳፋቸውን ሐዲዱ ላይ አቁመዋል፤ ቀዩ ባቡር በአንዱ መዳፍ፣ ሰማያዊው በሌላው ታግቶ፣ ጎማቸው በባዶው ይሽከረከራል። ዋናውን ኃይል አጠፋችው።

«አግድም ነበር» አሉ ሳያዩዋት። «ክንዱ አግድም ነበር፣ ልጄ።»

«አይቻለሁ፣ ጋሽዬ።»

ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ስልኳን አበራች። ከሦስተኛው ምልክት ማጥፊያ ሁለት ጫፎች ላይ፣ እሷ ያላደረገችው፣ አጭር ቢጫ ሽቦ ታስሯል። በጥንቃቄ ነው የታሰረው፤ በጥቁር ቴፕም ተጠቅልሏል። ማጥፊያዋ ብትዘጋም ባትዘጋም ሐዲዱ ኃይል ያገኛል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ሳትፈታው ወጣች።

ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ወይዘሮ አስካለ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ቢኒያምን ይጠይቁታል። እፀገነት ስትቀርብ እየመለሰ ነበር፤ «...አዛውንቱ ትንሽ ደንግጠው ነው። ዕድሜያቸውም...»

 እዚህ ብትናገር ክፍሉ ያበቃለታል፤ የሥራ ባልደረባዋም አብሮ። ዝም ብትል ደግሞ ነገሩ ሽማግሌው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ለመናገር አየር ስትስብ ጋሽ አራጌ በትራቸውን ተደግፈው ከኋላዋ ደረሱ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «የጮህኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን የሰበርኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አትጠይቁ።»

«አይደለም» አለች እፀገነት። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ከፍ አለ። «የጮኹት ባቡሩ ቁም የሚለውን ምልክት ጥሶ ስላለፈ ነው። ባይጮኹ ነበር የሚገርመኝ።»

«ለምን ጣሰ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

እፀገነት ቢኒያምን አየችው። ስሙን አልጠራችም። ጣቷ፣ የተረገጠው፣ ይጠዘጥዛታል። ጥቂት ሰዎች ከበዋቸዋል።

ቢኒያም መጀመሪያ መሬት አየ። ቀጥሎ ሽማግሌውን አየ፤ እሳቸው አላዩትም፤ የሚያዩት ባጃጁ የሄደበትን መንገድ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ክንዱ ይበላሻል፣ ባቡሩ ቆሞ ይቀርብናል ብዬ ማጥፊያዋን በሽቦ አለፍኳት። እፀገነት አታውቅም። ባትሪ ይዛ ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ እናንተ ገባችሁ። ጋሽ አራጌን እንግዳ ሊገባ ነው ብዬ ከቦታቸው ያስነሣኋቸውም እኔ ነኝ።»

 ወይዘሮ አስካለ ደብተራቸውን ከፈቱ። «ያልከውን እንዳልከው ነው የምጽፈው» አሉት። «ዛሬ የማየው ነገር የለም። የተጎዳችው ልጅ ጋ ሂዱ።» መኪኖቹ በመጡበት ሄዱ።

ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ እፀገነትና ጋሽ አራጌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቢኒያም ከውስጥ ከማናለብሽ ጋር ነው። አንጓዋ ተሰንጥቋል፣ ወልድያ ሄዳ ትታይ ተብሏል። በበሩ ክፍተት ድምፁ ይሰማል፤ ሲነግራት፣ ሲደናቀፍ፣ እንደገና ሲጀምር። የእሷ ድምፅ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። «ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» ስትል ሰሙ። 

«ዘካሪያስ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» አሉ ጋሽ አራጌ በድንገት።

እፀገነት ዞር ብላ አየቻቸው።

«ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። በጋሪ ሐዲዱ ላይ እየሄደ ብሎን ያጠብቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንደዛሬው ያለ ሙቀት፣ እሱ መንገድ ላይ መሆኑን አውቄ ማንሻዬን ወደ ቁም መለስኩት። መለስኩትና ተቀመጥኩ። ደንቡ ግን ወጥተህ ክንዱን በዓይንህ እይ ነው የሚለው። ፀሐዩን ፈራሁ። ሽቦው ተንሸራቶ ኖሮ ክንዱ እንደወረደ ቀርቷል። ባቡሩ እለፍ ተባልኩ ብሎ አለፈ።»

 በረንዳው ላይ አንዲት እናት ልጇን እሹሩሩ ትላለች።

«ሲመረምሩኝ ወጥቼ አይቻለሁ አልኩ። ሳየው አግድም ነበር፣ ሽቦው ኋላ ነው የላላው አልኩ። ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። አመኑኝ። አርባ አንድ ዓመት ሆነው። ሴት ልጅ ነበረችው፣ ረድኤት የምትባል። ድሬዳዋ ሱቅ አላት ብለውኛል። ቁጥሯን ካገኘሁ ሁለት ዓመቴ ነው።» ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጠርዙ በላብ ቢጫ ሆኗል። «ደውይልኝ።»

«አሁን? ጋሽዬ፣ ዛሬ ደክመዋል፤ ነገ ረጋ ብለው...»

«ነገ አልደውልም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ቁጥሩን በእሳቸው ስልክ መታችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን በመሐላቸው ያዘችው። ጠራ። ጠራ። ሊቋረጥ ሲል ተነሣ፤ «ሃሎ? ማን ልበል?»

ጋሽ አራጌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። 

«ሃሎ? አይሰማም?»

«አብሽሩ» አለቻቸው እፀገነት በሹክሹክታ፤ እሳቸው ሲጨንቃት የሚሏትን ቃል።

«አራጌ ነኝ» አሉ። «ካባትሽ ጋር እሠራ የነበርኩ። ምልክት ጠባቂው።» ከዚያ ተናገሩ። ፀሐዩን ተናገሩ፣ መቀመጣቸውን ተናገሩ፣ የዋሹትንም ቃል በቃል ተናገሩ። ይቅርታ አድርጊልኝ አላሉም። ሲጨርሱ ከወዲያ ወገን የሬዲዮ ድምፅና የደንበኛ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ለምን ዛሬ?» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ።

«ዛሬ አንድ ሰው ጥፋቱን ሊደብቅ እየቻለ ሲናገር አየሁ። በልጄ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። አፈርኩ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሷ ትዝጋው፣ መስመሩ ይቋረጥ አላወቁም። ጋሽ አራጌ መልሰሽ ደውይ አላሉም። በሩ ተከፍቶ ቢኒያም ወጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠ። እሳቸውም ጠጋ አሉለት።

የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ አልተዘጋም፤ ለአንድ ዓመት ይታይ ተባለ። ቢኒያም ኃላፊነቱን በራሱ ጥያቄ ለቅቆ ወደ ማሠልጠን ተመለሰ። ማናለብሽ እጇ በጄሶ እንደታሰረ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ለሁለት ሳምንት ያህል አላናገረችውም፤ ኋላ ማናገር ጀመረች፣ በአጭሩ።

ረድኤት የደወለችው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። እፀገነት ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ጋሽ አራጌ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። ረድኤት የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ የሞተበት ቦታ ከጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ። እናቷ ሳትነግራት ሞታለች።

ጋሽ አራጌ ዓይናቸውን ጨፈኑና ይመሯት ጀመር፤ ከውኃ ማጠራቀሚያው ተነሥተው፣ ድልድዩን አሳልፈው፣ ሐዲዱ ወደ ግራ እስከሚታጠፍበት ድረስ፣ እርምጃ በእርምጃ።